ማን ፈቀደላቸው? ከድሬሰር እስከ ጤና ኤክስቴንሽን

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር አጭር ጥያቄ ላከልኝ። "ቲቸር፣ ድሮ ድሬሰሮች የሥራ ፈቃድ ነበራቸው ወይስ ዝም ብለው ነበር የሚያክሙት?" ይላል። ልጁ አሁን በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ከተሞች በአንዱ የጤና ተቋማትን ይቆጣጠራል። ክሊኒክ ሲከፈት ገብቶ የሚያየው እሱ ነው፤ ሲታሸግም የሚፈርመው እሱ ነው። በሁለት መስመር ልመልስለት ብዬ ጀመርኩና አልሆነልኝም። ይኸው ረዘመ። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

አጭሩ መልስ "ነበራቸው" ነው። ችግሩ "ፈቃድ" የሚለው ቃል በየዘመኑ የተለያየ ነገር መሆኑ ነው። ዛሬ ፈቃድ ስንል ብዙዎቻችን ሦስት ወረቀቶችን እናቀላቅላለን። አንዱ የባለሙያው ነው፤ የሙያ ሥራ ፈቃድ የምንለው። ሁለተኛው የቤቱ ነው፤ ክሊኒኩ ወይም መድኃኒት ቤቱ መስፈርቱን አሟልቷል የሚል የብቃት ማረጋገጫ። ሦስተኛው ንግድ ፈቃዱ ነው። ሦስቱም ከአንድ መስኮት አይገኙም፤ አንዱ ከጎደለ ደግሞ ሌሎቹ ዋጋ የላቸውም። ድሬሰሩ የነበረው ግን አንድ ወረቀት ብቻ ነው። የምደባ ደብዳቤ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ከጣሊያን መውጣት በኋላ ነጋሪት ጋዜጣ መታተም በጀመረበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ሕክምናን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 27 ወጣ። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 100 ተከተለ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመውም በዚያው ሰሞን፣ በ1940 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣም ጥቂት ሲሆኑ አብዛኞቹም የውጭ ዜጎች ነበሩ። ስለዚህ መዝገብ ላይ መስፈር ያለበት ማን እንደሆነ አላከራከረም። የሚያከራክረው፣ ሐኪም አይቶ የማያውቀው የቀረው ሕዝብ በማን እጅ ይታከም የሚለው ነበር።

እነዚያ የጥንት ሕጎች እዚህ ላይ አስተዋይ ነበሩ ባይ ነኝ። ባህላዊውን ሕክምና አልከለከሉም፤ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ እስካላመጣ ድረስ ይቀጥል ነው ያሉት። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ በአንድ ብዕር ወጌሻውንም፣ የልምድ አዋላጇንም፣ መድኃኒት አዋቂውንም ሕገ ወጥ ማድረግ ይቻል ነበር። አላደረጉትም። በተግባር ለወጌሻው ምስክር ወረቀቱ መንደሩ ሆነ። የሰበረውን ሳይሆን የጠገነውን ሰው ይቆጥሩለታል፤ ካጣመመ ደግሞ በማግስቱ ደጃፉ ጭር ይላል።

(በነገራችን ላይ፣ በኦሮምኛ "ኦጌሳ" ማለት ባለሙያ፣ ሥራውን የተካነ ማለት ነው። የጤና ባለሙያ "ኦጌሳ ፈያ" ይባላል። ሱሉልታ ውስጥ ገበያ ቆማችሁ "ኦጌሳ" እና "ወጌሻ" ሲባል ስትሰሙ ሁለቱ ቃላት ዘመድ ይመስላሉ። ዝምድናውን ለቋንቋ ሰዎች ልተወው። እኔን የሚገርመኝ ሐሳቡ ነው፤ ባለሙያነት ከወረቀት በፊት በእጅ ይታወቅ ነበር።)

ድሬሰር ከዚህ ዓለምና ከሆስፒታሉ ዓለም መሃል የተወለደ ሰው ነው። ስሙ እንደሚናገረው ሥራው ቁስል ማጠብና ማሰር ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙንና ነርሷን እያየ ይሠለጥናል፤ ከዚያ ወደ ገጠር ክሊኒክ ይላካል። እዚያ ሲደርስ ቁስል ብቻ የሚያሳየው ሰው የለም። ወባ ይመጣል፣ ምጥ ይመጣል፣ ተቅማጥ ያደረቀው ሕፃን ይመጣል። ከሱ በላይ ያለው ሰው ያለው ደግሞ በበቅሎ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው። ሕዝቡ "ዶክተር" አለው። አለመባልም አይችልም ነበር።

ታዲያ ማን ፈቀደለት? መንግሥት። ግን በምዝገባ ሳይሆን በምደባ። ደብዳቤው "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቦታ እንድትሠራ ተመድበሃል" ይላል፤ በቃ፣ ፈቃዱ እሱ ነው። ይህ ፈቃድ ሁለት ጠባይ አለው፤ ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። አንደኛ፣ ከቦታው ጋር የተጣበቀ ነው። ሁለተኛ፣ ከደመወዙ ጋር የተጣበቀ ነው። ሰውየው ሥራ በለቀቀ ቀን እውቀቱ አብሮት ቢሄድም ፈቃዱ ቢሮ ይቀራል።

ጎንደር ይህን ነገር በሥርዓት ያደራጀች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ጨረሰ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሐኪም እስኪበዛ የሚጠብቅ ሕዝብ ያልቃል። ስለዚህ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ላይ ሠልጥነው እንደ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይውረዱ። የጤና መኮንኑ ሐኪም አይደለም፤ ግን ሐኪም የሚሠራውን አብዛኛውን ነገር እንዲሠራ ታስቦበት፣ ተለክቶ፣ ተፈቅዶለት የሠለጠነ ሰው ነው። ድሬሰሩ ተገዶ ያደረገውን እሱ በትምህርት አደረገው። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ "የጤና መኮንን የዶክተር ምትክ ነው" ይሉኝ ነበር። አይደለም። የራሱ ሙያ ነው፤ የተወለደውም ከደምቢያ መቃብሮች ነው።

ደርግ ሲመጣ የጤና መኮንን ሥልጠናው ቆመ፤ የጎንደሩ ኮሌጅም ወደ ሐኪም ማሠልጠኛነት ተለወጠ። ሥልጠናው እንደገና የተጀመረው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ባለው ክፍተት የገጠሩን ሸክም የተሸከመው ጤና ረዳቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከአልማ አታ ጉባኤ በኋላ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ የሚለው ቃል ወደ አገራችን ገባና የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎችና የሠለጠኑ የልምድ አዋላጆች በየገበሬ ማኅበሩ ብቅ አሉ። የግል ሕክምና ያን ጊዜ ተገድቦ ስለነበር ፈቃድ ማለት አሁንም ምደባ ማለት ነው። እዚህ ዘመን ላይ ብዙ አልቆምም፤ ታሪኩ ለኛ ዙሪያ ከተሞች የሚሞቀው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የጤና ፖሊሲ ወጣ። የግሉ ዘርፍ በጤና ይሳተፍ ተባለ። የጤና ተቋማትን ፈቃድ አሰጣጥና ቁጥጥር የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 174ም እ.ኤ.አ. በ1994 መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በጅማ መንገድ የተመላለሰ ሰው ያስታውሳል። ከአየር ጤና ወጥታችሁ ዓለም ገናን አልፋችሁ ሰበታ እስክትደርሱ፣ ቀይ መስቀል የተሳለባቸው የቆርቆሮ ታፔላዎች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። በአምቦ መንገድ ከአስኮ ወደ ቡራዩም፣ በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታም እንደዚያው። ዝቅተኛ ክሊኒክ፣ መካከለኛ ክሊኒክ፣ ከፍተኛ ክሊኒክ። መድኃኒት ቤቱም ደረጃ ነበረው፤ ፋርማሲ፣ መድኃኒት መደብር፣ ከሁሉም በታች ደግሞ "የገጠር መድኃኒት ቤት"።

የዝቅተኛ ክሊኒኮቹን ባለቤቶች አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ። ጡረታ የወጡ ወይም ከመንግሥት ሥራ የተሰናበቱ ጤና ረዳቶችና ነርሶች ነበሩ። ሃያ ሠላሳ ዓመት በምደባ ደብዳቤ ሲያክሙ ኖረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው የተጻፈ ፈቃድ አገኙ። ያን ወረቀት እንዴት እንደሚያከብሩት! በመስታወት ከትተው፣ ከማርያም ሥዕል ወይም ከቤተሰብ ፎቶ አጠገብ ከፍ አድርገው ይሰቅሉታል።

"የገጠር መድኃኒት ቤት" የሚለውን ስም ደግሞ ለደቂቃ እዩት። ፈቃዱ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ቦታው ነው የሚናገረው። ቦታው ገጠር ስለሆነ፣ ፋርማሲስት እዚያ ስለማይገኝ፣ ዝቅ ያለ ሙያ ያለው ሰው የተወሰኑ መድኃኒቶችን ይሽጥ ይላል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ገጠሩ ገጠር መሆኑን ሲያቆምስ?

የኛ ከተሞች ጉዳይ ይኸው ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ሰበታም ቡራዩም እያንዳንዳቸው ወደ 49 ሺህ ሰው ነበራቸው። ሱሉልታማ ከዚያ በጣም ታንስ ነበር፤ ወተትና ድርቆሽ የሚወጣባት፣ ጠዋት ጠዋት ሯጮች የሚለማመዱባት ቀዝቃዛ ከተማ። ዛሬ ሦስቱንም ያየ ሰው ያውቃል። ኮንዶሚኒየሙ፣ ፋብሪካው፣ ከአዲስ አበባ ኪራይ ሸሽቶ የወጣው ሰው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ሸገር ከተማ ውስጥ ገቡ። የቤቱ ጣሪያ፣ የደንበኛው ፊት፣ የባለቤቱ እጅ አልተለወጠም፤ ከእግሩ ሥር ያለው መሬት ግን ከገጠር ወደ ከተማ ተሻገረ። ለገጠር የተፈቀደው ነገር ከተማ ላይ አይፈቀድም።

ከሰበታ ወደ ምዕራብ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንድ ቀበሌ አለ። እዚያ ዝቅተኛ ክሊኒክ የነበራቸው አንድ ጤና ረዳት ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም። በደርግ ጊዜ የሠለጠኑ፣ አማርኛም ኦሮምኛም እኩል የሚናገሩ፣ እናቶች "ጋሼ" የሚሏቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ሲሄዱ አልታደሰም። ምክንያቱ ሙያ ነው፤ ደረጃቸው አዲሱን መስፈርት አያሟላም። ስድብ የለም፣ ጉቦ የለም፣ ማንም አልበደላቸውም። የመጡት ልጆች በትሕትና አስረድተዋቸው፣ በሩን አሽገው ሄዱ።

ጥቂት ቆይቼ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ይበሳጫሉ ብዬ ነበር። "እኔስ አርጅቻለሁ" አሉኝ። "ደግሞ እውነታቸውን ነው፤ የዛሬ ልጆች ከኔ የተሻለ ተምረዋል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቄያቸው ነበር። ነገ ጠዋት እዚህ በር ላይ ለሚመጣው ሰው ማን አለ? ብዬ። እሱ እኛን አይመለከትም አሉኝ።"

እንግዲህ የኔ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። የሕክምና ፈቃድ ሕግ ሁለት ጥያቄ አለበት። ይህ ሰው ያውቃል ወይ? የሚለው አንዱ ነው። እሱ ከሌለ ማን አለ? የሚለው ሁለተኛው ነው። የድሮዎቹ ሕጎች በሁለተኛው ላይ ብዙ አስበው በመጀመሪያው ላይ ደካማ ነበሩ። የኛ ዘመኖቹ በመጀመሪያው ላይ በየጊዜው እየጎበዙ መጡ፤ ሁለተኛው ግን ለሌላ ክፍል ተላለፈ፣ ለዕቅድ መምሪያ፣ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት። ሁለቱ ጥያቄዎች ተጣልተው በተለያየ ቢሮ ከተቀመጡ በመሃል የሚወድቀው ታማሚው ነው።

አሁን "ቲቸር ሕገ ወጥ ሕክምናን እየደገፈ ነው" የሚል አይጠፋም። አይደለም። ሱሉልታ አካባቢ አንድ ወጣት አውቃለሁ። ትኩሳት ይዞት "መርፌ ይወጋል" የተባለ ሰው ቤት ሄደ። ሰውየው ሠልጥኖም ተመድቦም አያውቅም። መርፌው የተወጋው መቀመጫው ላይ ነው፤ ግን ከላይ ከውጭ በኩል መሆን ሲገባው ወደ መሃልና ወደ ታች ወረደ። እዚያ ጋ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ያልፋል። ተማሪዎቼ ይህን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሳልኩላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ መቀመጫውን በሐሳብ አራት ቦታ ክፈሉት፣ የላይኛውን የውጭ ሩብ ብቻ ያዙ እያልኩ። ልጁ ዛሬ የቀኝ እግሩን ጫፍ ወደ ላይ ማንሳት አይችልም፤ ሲሄድ መሬቱን ይጠርገዋል። የቀን ሠራተኛ ነበር።

ስለዚህ ያለ ፈቃድ ማከም በወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣው በከንቱ አይደለም። ግን ልብ በሉ፤ መርፌ ወጊውና ጤና ረዳቱ ለሕጉ አንድ ሆነዋል። ሁለቱም "ፈቃድ የሌላቸው" ናቸው። አንደኛው ኖሮት አያውቅም፣ ሌላኛው ኖሮት ተወሰደበት። መንደሩ ሁለቱን ይለያቸዋል። ፋይሉ አይለያቸውም። እንዲያውም የባሰው ምን መሰላችሁ? የጤና ረዳቱ በር ሲታሸግ የመርፌ ወጊው ደንበኛ ይጨምራል። እሱ ታፔላ የለውም፤ የሚታሸግ በርም የለውም።

ያ ቀበሌ ሜዳ ላይ አልቀረም፤ እውነቱ መነገር አለበት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደረሰለት። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከአካባቢው የተመለመሉ ሴቶች፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ጤና ኬላ ገቡ። በአገር ደረጃ ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የወባ አጎበር። ብዙ አገሮች መጥተው የተማሩበት ሥራ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ግን የፈቃድን ነገር ስንመለከት አንድ ነገር አለ። ሕፃናትን ከሚገድሉት በሽታዎች ግንባር ቀደሙ የሳንባ ምች ነው። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጀመሪያ ላይ ለሳንባ ምች ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንድትሰጥ አልተፈቀደላትም ነበር። ትንፋሹን ትቆጥራለች፣ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ምክንያት ነበረው፤ የአንድ ዓመት ሥልጠና ያላት ልጅ መድኃኒት ብታባክን፣ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን ቢለማመዱት ተብሎ ተፈርቶ ነው። ፖሊሲው የተለወጠው በ2002 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሠልጥነው በጤና ኬላ ማከም ጀመሩ።

እስቲ የሰበታውን ቀበሌ በዚህ መነጽር እዩት። ጤና ረዳቱ ለሠላሳ ዓመት ያንኑ ሕፃን ሲያክሙ ኖሩ፤ ፈቃዳቸው በ1990ዎቹ መጨረሻ ተወሰደ። የምትተካቸው ልጅ ጤና ኬላው ውስጥ አለች፤ ግን አልተፈቀደላትም። እስኪፈቀድላት ጥቂት ዓመታት አለፉ። በነዚያ ዓመታት ሌሊት በትንፋሽ የሚያጥር ልጅ የያዘች እናት ሁለት ሰው ታውቃለች። አንዱ የሚያውቁ ግን የተከለከሉ፤ አንዷ የተመደበች ግን ያልተፈቀደላት። ሆስፒታሉ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ጋሼ በር ሲንኳኳ ምን እንዳደረጉ ጠይቄያቸው አላውቅም። እናንተም አትጠይቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ተራመደ። አዋጅ 176/1991 የመድኃኒቱን ቁጥጥር ሥርዓት አስያዘ። ደንብ 76/1994 የጤና ባለሙያዎች ምክር ቤትን አቋቋመ። አዋጅ 661/2002 ምግቡን፣ መድኃኒቱን፣ ባለሙያውንና ተቋሙን፣ ባህላዊ ሕክምናውንም ጭምር አንድ ጣሪያ ሥር አስገባ፤ ደንብ 299/2006 ዝርዝሩን ሰጠ። አዋጅ 1112/2011 ሲመጣ ደግሞ ምግብና መድኃኒት ለብቻው ወጣ፣ የባለሙያውና የተቋሙ ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴር ዞረ። ከ2011 ጀምሮ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የብቃት ምዘና ፈተና ካላለፉ የሙያ ፈቃድ አያገኙም። ጥሩ ነው፤ ፈተናውን እደግፋለሁ፤ ከየትም ኮሌጅ በገንዘብ የሚመረቀውን ለማጣራት ሌላ መንገድ አላየሁም።

ሕገ መንግሥቱ ለጤና አገር አቀፍ መመዘኛ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራል ሰጠ፤ አንቀጽ 51 ነው። ማስፈጸሙ ግን በየክልሉ ይወርዳል። ይህ ነገር ባህር ዳር ወይም ጅማ መሃል ላለ ሰው ብዙም አይታየውም። ቡራዩ ላይ ግን ጎዳና ላይ ይታያል። ከአስኮ ወደ ቡራዩ በእግራችሁ ስትሄዱ የሆነ ቦታ ላይ አንድ ክሊኒክ የአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ያየዋል፣ ጥቂት እርምጃ አልፎ ያለውን የኦሮሚያ ያየዋል። ታክሲው አንድ፣ ገበያው አንድ፣ ጉንፋኑም አንድ ነው።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ነርስ ናት። ቤቷ ቡራዩ ነው፣ የምትሠራው አዲስ አበባ። ቤቷ አጠገብ አነስተኛ ክሊኒክ ልትከፍት አሰበች። የሙያ ፈቃዷ ከወዲያኛው በኩል ነው፤ ስለዚህ መልካም ሥነ ምግባር እንዳላት የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ፣ መልቀቂያ፣ ከዚያ እንደገና ምዝገባ። አንዱ ቢሮ የሌላኛውን ማኅተም ለማጣራት ደብዳቤ ይጽፋል፣ መልሱን እሷ ራሷ ፖስታ ቤት ሆና ታመላልሳለች። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ "ቲቸር፣ ከቡራዩ ቡራዩ ለመግባት ከካናዳ ቪዛ ይበልጣል።" አሁን ከፍታለች፤ ተመስገን።

የሷ ድካም ያልፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው። ጥሩ ባለሙያ ድንበሩን ለመሻገር ይህን ያህል ከተለፋ፣ በአንድ በኩል የተከለከለ ሰው በሌላ በኩል ታፔላ እንዳይሰቅል የሚያግደው ምንድን ነው? መዝገቦቹ ካልተነጋገሩ የሚያግደው የተቆጣጣሪው ትዝታ ብቻ ነው። ለዚያ ለጠየቀኝ ልጅ የምለው አንድ ይህ ነው፤ ከወዲያ ማዶ ያለውን ባልደረባህን ስልክ ቁጥር ያዝ።

አሁን ቅድም ልብ በሉልኝ ወዳልኩት ልመለስ። ከቦታና ከደመወዝ ጋር የተጣበቀው የድሬሰሩ ፈቃድ። ዛሬ ያ ፈቃድ ያለው ማን ነው? የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። የብቃት ምዘና ትፈተናለች፣ ወደ ደረጃ 4 ታድጋለች፣ የሳንባ ምች ታክማለች፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ ታስገባለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው ግን በዚያ ቀበሌ፣ በዚያ ጤና ኬላ ስለተመደበች ነው። ሥራ ለቃ ባሏን ተከትላ ሱሉልታ ብትገባ፣ የአሥራ አምስት ዓመት እጇ እዚያው ጤና ኬላ ቁልፍ ሆኖ ይቀራል። ቀበሌዋ ከተማ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የከተማው ፕሮግራም ነርስ ነው የሚፈልገው። ስንቶቹ አጋጥመውኛል! ልብስ የሚሸጡ፣ ቡና የሚያፈሉ። አንዷን ከዓለም ገና ገበያ ድንች እየሸጠች አግኝቻት፣ እያወራን ሳለ አጠገቧ ያለችው ሻጭ ልጇን አምጥታ "እስቲ ትንፋሹን ቁጠሪልኝ" አለቻት። ሰዓቷን አውጥታ ቆጠረች።

ቻይና ይህ ገጥሟት ነበር። ባዶ እግር ሐኪሞች የሚባሉ ገበሬ ሐኪሞች ነበሯት፤ ዓለም ያደነቃቸው፣ የአልማ አታውን ጉባኤ ያነሳሱ። እ.ኤ.አ. በ1985 ስሙን አስቀረችውና ፈተና አዘጋጀች፤ ያለፈው "የመንደር ሐኪም" ተብሎ ፈቃድ ተሰጠው፣ ያላለፈው ዝቅ ባለ የረዳትነት ሥራ ቀጠለ። ሁሉ ነገር ያማረ አልነበረም፤ ብዙዎች ወጥተው ቀርተዋል። ግን ድልድይ ነበረ። ያለህበት ቦታ ሆነህ የምትፈተንበት፣ ወድቀህም የምትይዘው ሥራ ነበረ። የኛ ጤና ረዳቶች የተነገራቸው "መስፈርቱን አታሟሉም" የሚል ብቻ ነው። ጥቂቶቹ በማታ ትምህርት ተምረው ወደ ነርስነት አደጉ፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ግን ከልጁ እኩያ ጋር ሌሊት አጥንቶ ዲፕሎማ ይያዝ ማለት ደግ ምክር አይመስለኝም።

ተቆጣጣሪ ሆናችሁ ለምትሠሩ ልጆቼ አንድ ነገር ልለምን። ሕግ እንድትጥሱ አይደለም። የማሸጊያ ደብዳቤ ስትጽፉ ቅጹ ላይ ብዙ ነገር አለ፤ የተቋሙ ስም፣ የጎደለው መስፈርት፣ የተጠቀሰው አንቀጽ፣ የይግባኝ ቀን። አንድ መስመር ጨምሩበት። "ከነገ ጀምሮ የዚህ አካባቢ ነዋሪ የሚታከመው፦" ብላችሁ የተቋሙን ስምና ርቀቱን በኪሎ ሜትር ሙሉ። በእጃችሁ ጻፉት፤ የሚከለክላችሁ አንቀጽ አላየሁም። መስመሩን መሙላት ካቃታችሁ፣ ያንኑ ቀን ለጤና ጽሕፈት ቤቱ በግልባጭ አሳውቁ። ሰውየው ይታሸግ፤ ባዶው ቦታ ግን በስሙ ይመዝገብ።

ሌላው ልመና ለሁላችሁም ነው። የድሮ የሕክምና ፈቃዶችን እየሰበሰብኩ ነው። የድሬሰር ምስክር ወረቀት፣ የጤና ረዳት የምደባ ደብዳቤ፣ የዝቅተኛ ክሊኒክ ፈቃድ፣ "የገጠር መድኃኒት ቤት" የሚል ታፔላ። በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ ወደ ሆለታም ወደ ተፍኪም፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ ትተውት የሄዱት ካለ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ከፍሬሙ አታውጡት፤ ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ሊቀደድ ይችላል። ወደ መስኮት አዙራችሁ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብታደርጉት ብርሃኑ አያንጸባርቅም። ማኅተሙና ቀኑ ይታይ። ጀርባው ላይ በእጅ የተጻፈ ነገር ካለ እሱንም።